ማርሴል ግሪዮል፦ ማሰሮውን ከዘውድ እኩል የመዘገበው ሰብሳቢ

ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሯታል። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ወደ ጎጃም የሚገባ እንግዳ ብዙ ጊዜ ያንን ጥልቅ በረሃ መውረድና መውጣት ግድ ይለው ነበር። ከመጡት ፈረንጆች የብዙዎቹ ፍላጎት የታወቀ ነው። አንዱ የዓባይን ምንጭ ለማየት ይመጣል፤ ሌላው ለንግድ፣ ሌላው ለስብከት፣ ሌላው ደግሞ የአገሩን ጉልበት አይቶ ለመንግሥቱ ለማሳወቅ። እ.ኤ.አ በ1928 ከፈረንሳይ ተነሥቶ የመጣው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ልጆች በመስክ ላይ ምን ይጫወታሉ? ደብተራ መድኃኒቱን ከምን ይቀምማል? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እጁ የቦዘነ ሰው ምን ጫረ? ይህን ሁሉ በወረቀት ያሰፍር ነበር። ስሙ ማርሴል ግሪዮል ይባላል። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ከጥያቄው ጋር ሳጥንም ይዞ ነበር፤ ሲመለስ ሳጥኑ ባዶ አልነበረም።

ግሪዮል የተወለደው እ.ኤ.አ በግንቦት 1898 (በ1890 ዓ.ም) በፈረንሳይ ዮን በሚባለው አውራጃ፣ ኤዚ ሱር አርማንሶን በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የጀመረውን የሒሳብ ትምህርት አቋርጦ እ.ኤ.አ በ1917 በፈቃዱ ዘመተ። መጀመሪያ በመድፈኛ ክፍል፣ ቀጥሎም በአየር ኃይል አገለገለ። የበረራ ፍቅሩ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልለቀቀውም፤ በኋላ ለጥናቱ መንደሮችንና እርሻዎችን ከአየር ላይ ፎቶግራፍ እስከ ማንሣት ደርሷል። ከጦርነቱ መልስ ግን ልቡ ወደ ቋንቋ አዘነበለ። በፓሪስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገብቶ አማርኛና ግእዝ ተማረ። መምህሩ ማርሴል ኮኸን፣ ራሳቸው እ.ኤ.አ በ1910 እና 1911 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የነበሩና በኋላ ስለ አማርኛ ሰዋስው ትልቅ መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ሁለተኛው መምህሩ ማርሴል ሞስ ይባላሉ። ሞስ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ የነበረው አንድ ሕዝብ የሚታወቀው በነገሥታቱና በጦርነቱ ብቻ ሳይሆን በሚበላበት ዕቃ፣ በሚሸከምበት ሥርዓት፣ በሚቀመጥበት ልማድም ጭምር መሆኑን ነበር። ግሪዮል ይህን ትምህርት ይዞ ነው ዓባይን የተሻገረው።

በዚያን ጊዜ ጎጃምን የሚያስተዳድሩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ አውሮፓን በዓይናቸው ያዩ፣ እ.ኤ.አ በ1924 ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር በዚያው ጉዞ የተጓዙ፣ በሀብታቸውና በግብራቸው ብዛት ስማቸው በሩቅ የሚነሣ መስፍን ናቸው። ግሪዮል በግዛታቸው ተዘዋወረ፤ የመኳንንቱን ግብርና የድሃውን ጎጆ አየ። ያየውንም እ.ኤ.አ በ1934 በጉዞ ታሪክ መልክ አሳተመው። መጽሐፉ በርእሱ ላይ ያስቀደመው ሰውን በእሳት የመቅጣት ነገር ነው። ለፓሪስ አንባቢ የሚያስደነግጥ ርእስ መሆኑ ነው እንጂ የጎጃምን ገበሬ ኑሮ የሚገልጽ አልነበረም። የአገር ቤት አንባቢ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ዘላቂ ዋጋ ያላቸው ሥራዎቹ ግን ሌሎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ አሳተመ። በ1933 በግድግዳ ላይ የተጫሩ ሥዕሎችን ሰብስቦ፣ በ1935 ደግሞ የሕፃናትና የአዋቂዎች ጨዋታዎችን መርምሮ መጻሕፍት አወጣ። እነዚህ ሦስት ሥራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት፣ የአገራችንም ሆኑ የባዕድ፣ ሊጻፍ ይገባዋል ብለው ያላሰቡትን ነገር ጻፉ። የልጆች ጨዋታ እኮ ከልጆቹ ጋር የሚያልፍ ነው። ዛሬ በከተማ ያደገ ልጅ አያቱ በመስክ ላይ ምን ይጫወቱ እንደነበር ለማወቅ ቢፈልግ ከሚያገኛቸው ጥቂት የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ይህ ባዕድ የጻፈው ነው።

ወደ ፓሪስ ሲመለስ በትሮካዴሮ የነበረው የሕዝቦች ቅርስ ሙዚየም አዲስ አስተዳደር ይዞ አገኘው። የሙዚየሙ ኃላፊዎች አንድ ትልቅ ዘመቻ አሰቡ። ከምዕራብ አፍሪካ ዳካር ተነሥቶ አህጉሩን በማቋረጥ ጅቡቲ የሚደርስ፣ በየደረሰበት የሕዝቡን ዕቃ የሚሰበስብ ቡድን ነው። መሪነቱ ለግሪዮል ተሰጠ። የፈረንሳይ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በመጋቢት 1931 በልዩ ሕግ ገንዘብ ፈቀደለት። ገንዘቡ ስላልበቃ በፓሪስ የቦክስ ግጥሚያ ተዘጋጅቶ፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጥቁሩ የፓናማ ተወላጅ አል ብራውን ለዘመቻው ድጎማ ተጋጠመ። የአፍሪካን ዕቃ ለመሰብሰብ የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው በቡጢ ገንዘብ ማሰባሰቡ የዚያን ዘመን ነገር ሁሉ በአንድ ምሽት ያሳያል።

ከጉዞው በፊት ለዕቃ ሰብሳቢዎች አንዲት አነስተኛ መመሪያ ታትማ ነበር። የግሪዮልን ሥራ ለመረዳት ከዚህች መመሪያ የተሻለ ቁልፍ የለም። መመሪያዋ የምትለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ውድና ብርቅ የሆነውን ብቻ አትፈልጉ፤ ስለ አንድ ኅብረተሰብ ከከበረ ጌጥ ይልቅ የተጣለ ቆርቆሮ የበለጠ ሊናገር ይችላል። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይለጠፍበት፤ ካርድም ይዘጋጅለት። በካርዱ ላይ የተገኘበት ቦታ፣ በአገሩ ቋንቋ የሚጠራበት ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ አሠራሩና አገልግሎቱ ይጻፍ። ስሙና አገልግሎቱ ያልተጻፈለት ዕቃ በሙዚየም ውስጥ ዲዳ ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ አንድ የጎጃም ቤት እናምጣው። ቤቱ ምን ይዟል? በጓዳው በኩል ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ቆሟል፤ ከመጠመቁ በፊት በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከአጠገቡ ገንቦ፣ የውሃ እንስራ፣ ቅቤ የሚናጥበት ዕቃ፣ የወጥ ድስት አለ። በምድጃው ላይ ምጣድና አክንባሎ፣ በጉልቻው ጎን ጀበና ከማቶቱ ጋር ተቀምጧል። በጥግ በኩል ከጭቃና ከጭድ የተሠራ የእህል ጎታ አለ። ከበሩ አጠገብ ሞፈርና ቀንበር፣ መንሽና ላይዳ ተደግፈዋል። አዲስ ምጣድ እንዲሁ እንጀራ አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር ተወልውሎ ይሟሻል። ጋኑ ቢሰነጠቅ አይጣልም፤ ደረቅ ነገር ይያዝበታል። ፈጽሞ ቢሰበር እንኳ ገሉ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ወይም ዕጣን ማጨሻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለባለቤቱ ዕለታዊ ነገር ስለሆነ የሚጻፍ አይመስለውም። የመመሪያዋ ብልሃት ይህን የማይጻፍ የመሰለ ነገር እንዲጻፍ ማዘዟ ነው።

ማሰሮውን የምትሠራው ሴትስ? አፈሩን ቆፍራ፣ ከድንጋይ ለይታ፣ አቡክታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ አቅንታ፣ በለሰለሰ ጠጠር አሽታ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ታቃጥለዋለች። በአገራችን የሸክላ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሴት ሥራ ነው። ለዚህ ሁሉ ጥበብ የተከፈላት ግን ስድብ ነበር። ቡዳ ትባላለች፤ ከጨዋ ቤት ጋር አትጋባም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ገደማ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል፤ አዋጁ ግን ልማዱን ወዲያው አልነቀለውም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ብሂልም የራሷን ድካም ራሷ የማትጠቀምበት መሆኑን ነው የሚያወራው። የግሪዮል ዘመን ሰብሳቢዎች የማሰሮውን ስም መጻፍ አልሰነፉም። የሠሪዋ ስም ግን በዚያ ዘመን በነበሩ የሙዚየም መዛግብት ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአገሩ ስም፣ የሕዝቡ ስም፣ የዕቃው ስም አለ፤ የሴቲቱ የለም። ይህ ጉድለት የሰብሳቢው ብቻ አይደለም፤ እኛም አልጻፍነውም።

የስም ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ወደ አሜሪካ አንድ ጊዜ ሻገር እንበል። በዚያ አገር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ገበሬዎች ሥጋ በጨው የሚያስቀምጡበት፣ ቅቤና ኮምጣጣ አትክልት የሚያቆዩበት የሸክላ ማሰሮ ነበራቸው። ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ስለሚቃጠል ውሃ አያሰርግም። በሰሜኑ ግዛቶች እቶኑ ሲግል ጨው ይጣልበትና ዕቃው እንደ መስተዋት ይለብሳል፤ በላዩም በሰማያዊ ቀለም ወፍና አበባ ይሣላል። ቆርቆሮና ብርጭቆ ሲመጡ ይህ ማሰሮ ከጓዳ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ቆሻሻ ወረደ። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች በጨረታ ይሻሙበታል። በደቡብ ካሮላይና ኤጅፊልድ በሚባለው ቦታ በባርነት ይሠራ የነበረ ዴቭ የሚባል ሸክላ ሠሪ፣ በ1834 የወጣው ሕግ ባሮችን ጽሕፈት ማስተማር ከልክሎ ሳለ፣ በሠራቸው ትልልቅ ጋኖች ላይ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም ስንኝ ይጽፍ ነበር። ከነጻነት በኋላ ዴቪድ ድሬክ ተብሏል። እ.ኤ.አ በ2021 ከጋኖቹ አንዱ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የገበሬ ቤት ጋን ነው፤ ልዩነቱ ሠሪው በላዩ ላይ መናገሩ ነው።

ወደ ግሪዮል እንመለስ። ቡድኑ ግንቦት 11 ቀን 1923 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ግንቦት 19 ቀን 1931) ከቦርዶ ወደብ ተነሣ። ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ የሚባል ገጣሚ ነበር። የዕለት ማስታወሻ እንዲይዝ ታዘዘ፤ በታማኝነት ያዘ፤ ይህም ለግሪዮል ጦስ ሆነበት። ሌሪስ የጻፈው ዕቃው እንዴት እንደተገኘም ጭምር ነውና። አንዳንዱ በገንዘብ ተገዛ፤ ብዙው በቅኝ ገዥ ሥልጣን ጥላ ሥር በጥቂት ሳንቲም ተወሰደ፤ አንዳንዱም ተሰረቀ። እ.ኤ.አ በመስከረም 1931 ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር ኬሜኒ በተባለች መንደር፣ ሕዝቡ የሚያመልክበትን ኮኖ የተባለ የተቀደሰ ዕቃ ግሪዮልና ጓደኞቹ የመንደሩን ሽማግሎች በፖሊስ አስፈራርተው ወሰዱት። መንደርተኞቹ በፍርሃት ሸሹ። ይህን የምናውቀው ከከሳሽ ሳይሆን ከዘመቻው ጸሐፊ ከራሱ ነው።

ኢትዮጵያ ግን ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ግሪዮል ድንበሩን ሲሻገር የለመደው ነገር ሁሉ ተለወጠ። አዛዥ ሳይሆን እንግዳ፣ እንዲያውም የሚጠረጠር እንግዳ ሆነ። ጊዜው ክፉ ነበር። በ1924 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከእስር ያመለጡበት፣ ራስ ኃይሉም በነገሩ ተጠርጥረው ከሥልጣን የወረዱበትና የታሰሩበት ዓመት ነው። የቀድሞ አስተናጋጁ ከጎጃም ተነሥተዋል፤ አገሩም ተናውጧል። ቡድኑ ሰኔ 24 ቀን 1924 ዓ.ም ጎንደር ገባና በኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ሠፈረ። ኢጣልያ አገሪቱን ልትወርር ሦስት ዓመት ሲቀራት ማለት ነው። የጎንደር ሹማምንት በቆንስላው ግቢ የከተመውን፣ ካርታና ካሜራ የያዘውን፣ ሣጥን በሣጥን ላይ የሚከምረውን ፈረንጅ በጥርጣሬ ቢያዩት ምን ያስደንቃል?

ከመንግሥት በኩል አብረዋቸው እንዲሠሩ የተላኩት ብዙ ቋንቋ የሚያውቁት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ከፓሪስ በኋላ የመጡት ደግሞ ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ እና የኮኸን ተማሪ የነበረችው ወጣቷ ዲቦራ ሊፍሺትዝ ናቸው። ሊፍሺትዝ ግእዝና አማርኛ ታነብ ነበር፤ ጽሑፎቹንና ጥንቆላውን መረመረች። ሌሪስና አባ ጀሮም በጎንደር የታወቁ የዛር ባለቤት ሴት ቤት ሲመላለሱ ከረሙ። ቡድኑ ለዛሩ መሥዋዕት የሚሆነውን ከብት ጭምር እየገዛ ሥርዓቱን መዘገበ። ለሣጥኑም ዕቃ መጣ፦ የቤት ዕቃ፣ መስቀል፣ የአስማት ክታብ፣ የብራና መጽሐፍ። በዘመቻው የተሰበሰበው ዕቃ በጠቅላላው ወደ 3,500 ገደማ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሄደው የብራና ጽሑፍ ብቻ ከ300 በላይ ነው። ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የግሪዮል ስብስብ ተብሎ ይጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው የአባ እንጦንስ ነገር ነው። በጎንደር አቅራቢያ ያለችው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በቀደምት የጎንደር ዘመን ሥዕሎች የተሞላ ነበር። የጎንደር ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥሉ ነበርና ሥዕሉን መላጥ ይቻላል። ግሪዮል ሥዕሎቹ በእርጥበት እየጠፉ ነው አለ። ቤተ ክርስቲያኗን ለማደስና አሮጌው ሥዕል ተነሥቶ በሩ እጅ የተሣለ አዲስ እንዲለጠፍ ከአገልጋዮቹ ጋር ተስማማ። ሩ ቅጂውን ሣለ፤ ቅጂው ተለጠፈ፤ አሮጌው ተጠቅልሎ ወደ ሣጥን ገባ። በአንድ በኩል ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ፤ በጎንደር ቢቀር በጦርነቱና በዝናቡ መካከል ምን ይሆን እንደነበር ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። በሌላ በኩል ግን በችግር ላይ ካሉ ጥቂት አገልጋዮች ጋር የተደረገ ስምምነት የአንድን ሕዝብ ሀብት ለማውጣት በቂ አይደለም። የአካባቢው ሹማምንትም ዝም አላሉም፤ ከቡድኑ ጋር ተካረሩ። ቡድኑ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1932 ከጎንደር ሲወጣ ፍተሻን እየፈራ፣ በዋናው የአገር ውስጥ መንገድ ሳይሆን ኢጣልያ ይዛው በነበረው በኤርትራ በኩል ነበር። ሐቀኛ ገዢ የገዛውን ዕቃ ይዞ እንዲህ አይወጣም፤ ይህ የጸሐፊው አስተያየት ነው።

በፓሪስ ግን የጀግና አቀባበል ጠበቀው። እ.ኤ.አ በ1933 በትሮካዴሮ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ ሚኖቶር የተባለው የጥበብ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለዘመቻው ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሪስ ግሪዮልን ሳያስፈቅድ ማስታወሻውን ሙሉውን አሳተመው። ስርቆቱ፣ ማስፈራራቱ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ በአደባባይ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

ቢሆንም ግሪዮልን በዚህ ብቻ መዝኖ መዝጋት አይቻልም። በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወርር፣ በአውሮፓ ብዙ ሊቃውንት ዝም ሲሉ ወይም ከወራሪው ጋር ሲሰለፉ፣ እሱ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመ። በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የኢትዮጵያን ልዑካን ረዳ፤ እ.ኤ.አ በ1936 ስለ ጦርነቱ የሚያወሳ መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ቅርሳችን የምንከሰው ሰው ስለ ነጻነታችን የተከራከረልን ሰው ነው። ሁለቱ እውነቶች አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ኢትዮጵያ ምድር የነበረው ትኩረቱ ቀዘቀዘ። ቀሪ ዕድሜውን የሰጠው በማሊ ገደል ላይ ለሚኖሩት ለዶጎን ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ በ1938 ስለ ጭምብላቸው ያቀረበው ጥናት የዶክትርና ማዕረግ አሰጠው፤ በ1942 በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኢትኖሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች የተሰጠ ወንበር በመሆኑ የሚወቅሱት አሉ። በዚያው ዓመት የጎንደር ባልደረባው ዲቦራ ሊፍሺትዝ አይሁዳዊት በመሆኗ ተይዛ በአውሽዊትዝ ሞተች። የጎንደርን ጽሑፎች በፍቅር የመረመረች ሴት በሠላሳ አምስት ዓመቷ እንዲህ ጠፋች።

እ.ኤ.አ በ1946 ኦጎተሜሊ የተባሉ ዓይነ ስውር የዶጎን አዳኝ ግሪዮልን አስጠርተው ለሠላሳ ሦስት ቀን ስለ ዓለም አፈጣጠር አወሩት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው መጽሐፍ በዓለም ዝነኛ አደረገው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያን ትምህርት በሌሎች ዶጎኖች ዘንድ ፈልገው እንዳላገኙት ጽፈዋል። የሚያከራክረው የምርመራ ስልቱም ነው። ለተማሪዎቹ ያስተምር የነበረው ተመራማሪ እንደ መርማሪ ዳኛ እንዲሆን፣ ተናጋሪውንም እንደ ተጠርጣሪ አፋጥጦ እንዲጠይቅ ነበር። የጎንደር ሰዎች ስለ እሱ የነበራቸው ጥርጣሬ እንግዲህ ከዚህም የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂ የበዛበት ሰው መጠርጠሩ አይቀርም።

ለገበሬው አንባቢ ግን ሌላም ታሪክ አለው። የዶጎን አገር ድንጋያማና ደረቅ ነው። ግሪዮል ሳንጋ በሚባለው ቦታ ግድብ እንዲሠራ አስተባበረ፤ ግድቡ ውሃ ሲይዝ በዙሪያው የሽንኩርት እርሻ ተስፋፋ። ሽንኩርቱም እስከ ዛሬ የአካባቢው ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነው። ዕቃ ወስዶ የሄደ ሰው ያስቀረው ነገር ይህ ነው።

ዕቃዎቹ የት ደረሱ? ከትሮካዴሮ በቦታው ወደ ተተካው የሰው ልጅ ሙዚየም፣ ከዚያም እ.ኤ.አ በ2006 ወደ ተከፈተው ኬ ብራንሊ ሙዚየም ተዛወሩ። የአባ እንጦንስ ሥዕሎችም እዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ በ2025 ይኸው ሙዚየም ስለ ዳካር ጅቡቲ ዘመቻ ዐውደ ርእይ ከፍቶ፣ ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎችን ጨምሮ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደተወሰደ መልሶ መርምሯል። በ1931 መመሪያ ላይ ያልተጠየቀው ጥያቄ በካርዱ ላይ ሲጨመር ዘጠና ዓመት አልፏል።

በአገራችንም የገጠሩን ዕቃ የሚሰበስብ ተቋም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ በ1963 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሙዚየሙ የእርሻና የቤት ዕቃዎችን ይዟል። በየገጠሩ ግን ጊዜው አይጠብቅም። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ምንጭ የሚወርድ ሰው የሚያገኛት ልጅ ጀርባ ላይ እንስራ ሳይሆን ቢጫ ጀሪካን ነው። ልጅቱን ማን ይወቅሳታል? ጀሪካን ይቀላል፤ ወድቆም አይሰበርም። እንስራው ግን ከነስሙ፣ ከነአሠራሩ፣ ከነሠሪዋ ሲጠፋ ካርድ የሚጽፍለት ሰው በየወረዳው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የባህል ቢሮዎቻችን ጥያቄ ነው። የትምህርት ቤቶችም ነው፤ አንድ ተማሪ አያቱን ስለ ጓዳቸው ዕቃ ጠይቆ አንድ ደብተር ቢሞላ ወጪው የእርሳስ ዋጋ ብቻ ነው።

ማርሴል ግሪዮል የካቲት 15 ቀን 1948 ዓ.ም (እ.ኤ.አ የካቲት 23 ቀን 1956) በሃምሳ ሰባት ዓመቱ በፓሪስ በድንገት ሞተ። ወሬው ማሊ ሲደርስ የሳንጋ ዶጎኖች አስከሬኑ በሌለበት፣ በአምሳሉ በተሠራ ምስል፣ በራሳቸው ሥርዓት ለቅሶ አደረጉለት። በዶጎን ልማድ ገበሬ ሲሞት በሥርዓቱ ማብቂያ መቆፈሪያው ይሰበራል፤ የእርሻ ሥራው ማለቁን ያሳያል። ለግሪዮል መቆፈሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ሁልጊዜ በእጁ ያዩት የነበረውን እርሳስ ሰበሩለት።